የኑረዲን አንድ ነጥብ ሁለት

ኑረዲን መሐንዲስ ነው ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ፤ ግን ይህ ነገር ሲጀመር በዚህ አገር ሕግ መሐንዲስ አልነበረም። አገር ቤት ዘጠኝ ዓመት የውሃ መሐንዲስ ሆኖ ሠርቷል። ኮምቦልቻ አካባቢ ዛሬም ሰው የሚቀዳበት ቦኖ የእሱ እጅ ሥራ ነው። ቶሮንቶ ግን ፈቃድ ሳይኖርህ «መሐንዲስ ነኝ» የሚል ካርድ ካሳተምክ ትከሰሳለህ። ስለዚህ የእሱ ካርድ «ቴክኒሻን» ይላል። አንድ ቀን ልጁ ሀፍሳ መኪና ውስጥ ለጓደኛዋ «ማይ ዳድ ኢዝ አን ኢንጂነር» ስትል ሰማትና «እንደሱ አይባልም የኔ ልጅ» አላት። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። «ኋይ ኖት?» አለችው። ወደ መስኮቱ ዞረ። መሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ራዲዮውን ከፍ አደረግኩት።

እኔ መንግሥቱ እባላለሁ። የኤርፖርት ታክሲ ነጂ ነኝ፣ ቤቴ ዌስተን ነው። ከኑረዲን ጋር ሰባት ዓመት አንድ ታክሲ በሁለት ሺፍት ነድተናል፤ እሱ ቀን፣ እኔ ሌሊት። ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ ነበር የምንቀያየረው። እሱ ሬክስዴል ውስጥ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ከሚስቱ ከራውዳና ከሀፍሳ ጋር ይኖራል። ፋሲካ ሲሆን እሱ ይሸፍንልኛል፣ ኢድ ሲሆን እኔ እሸፍንለታለሁ። ሰው ሃይማኖት ያጣላል ይላል፤ እኛን ያጣላን የወንበሩ ከፍታ ብቻ ነው።

በፈረንጆቹ 2011 ኑረዲን ከታክሲው ወጣ። ወንዞችን በኮምፒውተር የሚያጠና አንድ ትንሽ አማካሪ ድርጅት ቀጠረው። የፈቃድ ፈተናዎቹን ኤርፖርት ተራ ይዞ እየጠበቀ፣ መጽሐፉን መሪው ላይ አስደግፎ አጥንቶ ቀድሞ ጨርሷል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እዚህ አገር ፈቃድ ባለው መሐንዲስ ሥር ቢያንስ አንድ ዓመት መሥራት አለብህ፤ ያ መሐንዲስም «ይህን ሰው አውቀዋለሁ፣ ሥራው የታመነ ነው» ብሎ መፈረም አለበት። አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ፊርማ። በዚያ ቢሮ ደግሞ ፈቃድ ያለው ሰው አንድ ነው፤ አለቃው ዳግላስ።

ዳግላስ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር፤ ክፉን ሰው ሰድበኸው ትወጣለህ። ዳግላስ ግን በረመዳን ኑረዲን ፊት ቡና የማይጠጣ፣ የሀፍሳን ልደት የማይረሳ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲያስርህ ገመዱ አይታይህም።

ሥራው ይህ ነበር። ከቶሮንቶ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ያለች አንዲት ከተማ አዳዲስ ቤቶች ልትሠራ ፈለገች። ቤት ከተሠራ ፍሳሽ አለ፤ ፍሳሹ ተጣርቶ ወንዝ ይገባል። ወንዙ ስንት ይችላል? ያንን የሚመልሰው ሞዴል ነው። ሞዴል ማለት ኮምፒውተር ውስጥ የሚፈስ ወንዝ ነው፣ የማያረጥብ። ኑረዲን ለዚያ ወንዝ ጥልቀቱን፣ ፍጥነቱን፣ ሙቀቱን ይሰጠዋል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን አልጌው ነው፤ ድንጋይ ላይ የሚለጠፈው፣ የረገጠውን የሚያንሸራትተው አረንጓዴ ነገር።

«አልጌ ማለት» አለኝ አንድ ቀን፣ «ቀን ቀን አስቤዛ ተሸክሞ የሚመጣ፣ ሌሊት ደግሞ ማድቤቱን ባዶ የሚያደርግ ደባል ነው። ፀሐይ ሲኖር ኦክስጅን ይሰጣል፣ ሲጨልም ያንኑ መልሶ ይበላል።»

«እንዲህ ያለ ደባል ነበረኝ፣ ኢስት ዮርክ» አልኩት።

«እኔ የምወስነው ይህ ደባል ምን ያህል በፍጥነት እንደሚያድግ ነው። መጽሐፉ ከአንድ እስከ ሦስት ያለውን ሁሉ ይፈቅዳል።»

«ከአንድ እስከ ሦስት? ይሄማ እንደፈለግክ በል ማለት ነው።»

«እንደፈለግክ አይደለም» አለኝ ኮስተር ብሎ። ስለ ሥራው ሲቀለድበት አይወድም። «ከወንዙ የተለካ ቁጥር አለ። ሞዴሉ ያንን እስኪመስል ድረስ ታስተካክላለህ።»

ችግሩ እዚያ ላይ ነው የመጣው። ሁለት ቁጥር ሞከረ፤ አንድ ነጥብ ሁለትና ሁለት ነጥብ አራት። ሁለቱም የተለካውን ይመስላሉ። ምክንያቱም ልኬቱ የተወሰደው ሁልጊዜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው፤ ሠራተኛው ቢሮ ገብቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ በመኪና ወንዙ ዳር ሲደርስ። በዚያ ሰዓት ደግሞ ብዙ አልጌ ያለበት ወንዝና ጥቂት አልጌ ያለበት ወንዝ ኦክስጅናቸው እኩል ነው። ልዩነቱ የሚታየው ጎህ ሊቀድ ሲል ብቻ ነው፤ ደባሉ ሌሊቱን ሙሉ በልቶ ሲጨርስ። አንድ ነጥብ ሁለት ከሆነ ዓሣው ይኖራል፣ ከተማዋም ቤቷን ትሠራለች። ሁለት ነጥብ አራት ከሆነ ወንዙ ከዚህ በኋላ አንድ ባልዲ ፍሳሽ አይችልም።

ጎህ ሊቀድ ሲል ወንዝ ዳር የሚገኝ ማነው? ማንም የለም። ረመዳን ካልሆነ በቀር።

የ2012 ረመዳን ሰመር ላይ ዋለ። ፆሙ አሥራ ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር። ራውዳ ለሱሁር ስትቀሰቅሰው፣ እኔ ሌሊት ሺፍቴን ልጨርስ ስል፣ ኮል አደረገልኝ።

«መንጌ፣ ወዴት ነህ?»

«ኤርፖርት። ምነው፣ ደህና?»

«ወንዝ ውሰደኝ።»

ሾርባውን ጠጥቶ፣ ውሃውን ጠጥቶ፣ ከቢሮ የተዋሰውን የኦክስጅን መለኪያ በፌስታል ይዞ ወረደ። ወንዙ ዳር ስንደርስ ገና ጨለማ ነበር። ሱብሒውን ሣሩ ላይ ሰገደ፤ እኔ መኪናዬን ተደግፌ ጠበቅኩት። ከዚያ ጫማውን አውልቆ ገባ፣ እኔ ባትሪ አበራሁለት። መለኪያው ሁለት ነጥብ ስድስት አለ። ከአራት በታች ከሆነ ዓሣ ይጨነቃል ብሎኛል። ኑረዲን መለኪያውን አወጣና አራግፎ እንደገና ከተተው። ሁለት ነጥብ ስድስት።

እኔ ደግሞ ዓሦቹን አየሁ። ዳር ዳሩን ተሰብስበው አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። የለመኑኝ መሰለኝ። ከመኪናዬ የተረፈ ዳቦ አመጣሁና ቆርሼ ወረወርኩላቸው። አንዱም አልነካውም።

«ተው መንጌ» አለኝ ኑረዲን። «ዳቦ አይደለም የሚፈልጉት። አየር ነው።»

ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቁጥሩን ጻፈ። ከሥሩ «በቦታው የነበረ፦ መንግሥቱ» ብሎ ጨመረ። ምን አገባኝ ብዬ ሳቅሁበት። «ደንብ ነው» አለኝ፣ «ውሃ ስትለካ አጠገብህ የነበረው ሰው ይጻፋል።» ሦስት ጎህ ሄድን። ኦክስጅኑ ሁለት ነጥብ ስድስት፣ ሁለት ነጥብ አራት፣ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ። ሦስቴም ስሜ ተጻፈ።

ደብተሩን ይዞ ዳግላስ ዘንድ ገባ። የተነጋገሩትን ያን ዕለት ማታ ቃል በቃል ነግሮኛል። ዳግላስ ቁጥሮቹን አየ፣ መነጽሩን አወለቀ። «በዚያ ሰዓት ወንዝ ዳር ሰው አንልክም፤ ኢንሹራንሱ አይሸፍንም። የተፈቀደው የመለኪያ ፕላን ውስጥ የለም። በዚህ ቁጥር ከገፋን ጥናቱ ሌላ አንድ ዓመት ይፈልጋል፣ ከተማዋም ሌላ ድርጅት ትፈልጋለች» አለው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ውሸት ጻፍ አላልኩህም። ሁለቱም ቁጥር በእጃችን ካለው ልኬት ጋር ይሄዳል። መጽሐፉም ሁለቱን ይፈቅዳል። አንዱን ምረጥ ነው ያልኩህ» አለው። ኑረዲን ሊወጣ በሩን ሲይዝ ደግሞ «ደብዳቤህን ጀምሬዋለሁ። ሪፖርቱ ሲወጣ እጨርስልሃለሁ» አለው። እንደማስፈራራት አልነበረም፤ እንደ ምሥራች ነበር የነገረው።

ምን ላድርግ ብሎ የጠየቀው እኔን ነው። እዚህ ላይ ራሴን ባላጋልጥ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ነገሩን ከጀመርኩት ልጨርሰው። «ዝም በል» አልኩት። «የዓሣ ጠበቃ ማን አደረገህ? ሰባት ዓመት ወንበሬ ላይ የተቀመጥከው ለዚህ ነው? ፊርማህን ተቀበል፣ ከዚያ ጀግና ትሆናለህ።» የቸገረው እርጉዝ ያገባል ብዬ ተረትኩበትም። የቸገረው እሱ፣ የምተርተው እኔ።

በማግስቱ ሞዴሉ ውስጥ አንድ ነጥብ ሁለት ብሎ ጻፈ። አንድ ቁጥር ነው፣ ለመጻፍ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። የዚያን ዕለት ለኢፍጣር ቤታቸው ነበርኩ። አዛኑ ከስልኩ ሲሰማ ተምሩን አፉ ውስጥ ከተተ፣ ግን አላኘከውም፤ ጉንጩ ውስጥ ይዞት ተቀመጠ። ራውዳ «ኑሬ፣ ምነው?» አለችው። «ደክሞኝ ነው» አለ። ኋላ ሊፍት ጋ ሲሸኘኝ «ፆም አፍን ብቻ ማሰር አይደለም መንጌ። ዛሬ የተራብኩት ለምን እንደሆነ አላውቅም» አለኝ። የሊፍቱን ቁልፍ ደጋግሜ ተጫንኩ።

ሪፖርቱ ወጣ። ደብዳቤው ተፈረመ። ፈቃዱ በስድስተኛው ወር መጣ። ራውዳ እልል አለች፤ ሀፍሳ በቤት ፕሪንተር «ኢንጂነር» የሚል ካርድ አትማ ለጎረቤት ሁሉ አደለች። የምስክር ወረቀቱን ሳሎን ሰቀሉት። ኑረዲን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከሥሩ ያለውን ወንበር ይመርጣል፤ ከሥሩ ከተቀመጥክ አይታይህማ።

አለቀ ብዬ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ግን እውነት ነው። ቢሮው ሌላ ወንዝ እንዲያጠና ተቀጠረ። ጊዜ ስላልነበረ የአልጌውን ቁጥር ከቀድሞው ጥናት ወሰዱ። ሦስተኛም መጣ። ከዚያ አንድ ነጥብ ሁለት የቢሮው ቋሚ ቁጥር ሆነ፤ አዲስ ሞዴል ሲከፈት ራሱ ተጽፎ የሚገኝ። ምንጩ ሲጠየቅ የሚጠቀሰው ደግሞ የኑረዲን ስምና 2012 ነው። በዚህ አገር ስሙ በሙያው እንዲጠራ ስንት ዓመት ሲመኝ የነበረ ሰው፣ ስሙ ተጠራለት። ዘጠኝ ወንዝ ላይ።

«ለምን አሁን አትናገርም?» እለው ነበር፤ ያኔ ዝም በል ያልኩት እኔው።

«ምን ብዬ? ቁጥሩን እያወቅኩ ደበቅኩ ብዬ? ፈቃዴን ይወስዱታል። የሚወስዱትም በትክክል ነው።»

በ2015 ዳግላስ ጡረታ ወጣና ወንበሩ ለኑረዲን ተሰጠ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው፣ በራሷ አሳጠረች አለ የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ድሮ የሚያስረው የሌላ ሰው ፊርማ ነበር፤ አሁን የራሱ ሆነ።

ከዚያ ኢየሩሳሌም ተቀጠረች። አዲስ አበባ በሃይድሮሊክስ ተመርቃ፣ በትምህርት መጥታ፣ እዚሁ ሁለተኛ ዲግሪዋን የያዘች፣ የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ። አማርኛዋ በእንግሊዝኛ የታጨቀ፣ ጥያቄዋ የማያልቅ። ኑረዲን ይወዳታል፤ ስለ እሷ ሲያወራ የድሮው ኑረዲን ብቅ ይላል። የእሷም የፈቃድ ደብዳቤ የሚፈረመው በእሱ እጅ ነው። በቢሮው ሌላ ፈቃድ ያለው ሰው የለም።

ባለፈው ሰኔ፣ በ2016 ረመዳን፣ ከሥራ ወስጄ ወደ ቤት ሳደርሰው ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። ሁልጊዜ ከፊት ነው የሚቀመጠው። ሀይዌዩ ተዘግቶ ስለነበር እዚያው ቆመን ነገረኝ።

ኢየሩሳሌም በሩን አንኳኩታ ገብታ «ይሄ ዋን ፖይንት ቱ ከየት ነው የመጣው? ሶርሱን ስፈልግ አንተ ጋ ነው የሚያልቀው» አለችው። የተለመደ ነው አላት። «ግን ሁሉም ዳታ የአራት ሰዓት ነው። ጎህ ሲቀድ ካልለካን እንዴት እናውቃለን? እኔ ልሂድ፣ ችግር የለውም» አለችው።

«ምን ብዬ እንደመለስኩላት ታውቃለህ?» አለኝ ኑረዲን። በመስታወቱ አየሁት፤ ዓይኑ ቀልቷል። «‹በዚያ ሰዓት ወንዝ ዳር ሰው አንልክም፤ ኢንሹራንሱ አይሸፍንም› አልኳት። ወላሂ ቃል በቃል። መነጽሬን ሁላ አውልቄያለሁ።»

«እሷስ?»

«ልትመልስልኝ አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው። ‹ኦኬ፣ ሶሪ› ብላ ወጣች። ደብዳቤዋ ትዝ ብሏት ነው መንጌ። አየኋት። ደብዳቤዋ ትዝ ሲላት አየኋት።»

ከኋላችን ሰው ጡሩንባ ነፋ፤ መንገዱ ተከፍቷል። ቤቱ እስክንደርስ ዓሦቹን እያሰብኩ ነበር የምነዳው፣ ያንን መክፈትና መዝጋት።

ከሦስት ቀን በኋላ ደወለልኝ። የኢየሩሳሌም ዓመት ሊሞላ ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው፤ እሱ ግን ደብዳቤዋን ጽፎ ጨርሷል። ዓመቷ የሚሞላበትን ቀን ጽፎበት፣ ፈርሞና አሽጎ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦላታል። «ሥራሽን አይቼ ጨርሻለሁ። ምንም ብትጠይቂኝ፣ ምንም ብትጽፊ ይህ ደብዳቤ አይመለስም» አላት። ከደብዳቤው ሥር ያን ማስታወሻ ደብተር አኖረላት።

«ደብተሩን?» አልኩት። «አብደሃል? ራውዳስ? ሀፍሳስ? ዘንድሮ እኮ ሃይስኩል ልትገባ ነው!»

«ካላየችው ምንም አይሆንም።»

«ካየችውስ?»

«ካየችው ትጠይቃለች። አሁን የምትፈራው ነገር የላትም። አንድ ሰው እንኳ ሳይፈራ ይጠይቀኝ።»

ተናደድኩበት፣ እውነቱን ለመናገር። ከዚያ ማን ላይ እንደተናደድኩ ጠፋኝ። ያን ሳምንት ስልኬ በጮኸ ቁጥር እሱ ይመስለኝ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ተራ ይዤ ከአሥራ ሁለት ታክሲ ኋላ ቆሜ ሳለ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። የሴት ልጅ ድምፅ ነው፣ ቀጭን፣ ጥንቃቄ ያለበት።

«ሄሎ፣ ጋሽ መንግሥቱ ነዎት? ስለረበሽኩዎት ይቅርታ። ኢየሩሳሌም እባላለሁ፣ ከኑረዲን ጋር ነው የምሠራው። ቁጥርዎን እሱ ነው የሰጠኝ። አንድ ኖትቡክ ላይ ስምዎን አገኘሁ። ሦስት ቦታ።»

«እሺ ልጄ» አልኳት።

«ስለ ዋን ፖይንት ቱ ሪፖርት ልጽፍ ነው። ለኑረዲን ነግሬዋለሁ፣ ጻፊ ነው ያለኝ። ግን በቦታው የነበረ ሰው ኮንፈርም ካላደረገው ቁጥሮቹን አይቀበሉኝም። በ2012፣ ጎህ ሲቀድ፣ ወንዙ ዳር ነበሩ?»

አልነበርኩም ብል ማን ያውቃል? ታክሲ ነጂ ነኝ። ሌላ መንግሥቱ ነው ብል ያልቃል፤ በዚህ ከተማ መንግሥቱ ሞልቷል። ኑረዲን ፈቃዱን እንደያዘ ይኖራል፣ ራውዳ ስታየኝ ፊቷን አታዞርም፣ የሀፍሳ አባት ኢንጂነር እንደሆነ ይቆያል። ያኔ ዝም በል ያልኩት እኔ አንድ ጊዜ ዝም ብል ምን ነበረበት። ፊት ለፊቴ ያለው ታክሲ ተንቀሳቀሰ፤ እኔ አልተንቀሳቀስኩም።

«ጋሽ መንግሥቱ? አሉ?»

«ነበርኩ» አልኳት። «ሦስቱንም ቀን ነበርኩ። ባትሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ስትጽፍ ሰማኋት። ከዚያ «ቁጥሩ በጣም ዝቅ ያለ ነው» አለችኝ። «ሌላ ያዩት ነገር አለ?»

«ዓሦቹ አፋቸውን ከፍተው ነበር» አልኳት። «ርቧቸው መስሎኝ ዳቦ ወረወርኩላቸው። አልበሉም።»